ስህተት አላየሁም

«ዘሩ ምንድን ነው ጋሼ?» አለች የሻረግ፣ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከመስኮቱ ማዶ የቆሙት ሽማግሌ መልስ ከመስጠት ይልቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደረታቸው ላይ ያዙት። ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ምን አልሽኝ?»

«ዘሩን። ዘሩን ካላወቅን…»

«ዕድሜሽ ስንት ነው የኔ ልጅ?»

«ሃያ ስድስት።»

«እንግዲያው አልደረስሽበትም። እኔ ደርሼበታለሁ። ያ ጥያቄ ከየመሥሪያ ቤቱ ይውጣ ሲባል በዚህ እጄ ነው ድምፅ የሰጠሁት።» ቀኝ እጃቸውን አነሡላት። «ደግሞ ከሰው ሁሉ አንቺ፣ የዋህ የምትመስይው!»

«ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎን አይደለም!» የሻረግ ፊቷ ጋለ። «የልጓምዎን ነው። የልጓምዎን ፕሮሰሰር።»

«የምኔን?»

«እጅዎ ውስጥ ያለውን።»

ሽማግሌው እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ይኼ ደግሞ ምን ዘር አለው? ብረት አይደል እንዴ?»

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። «ቆይ ደግሞ የትውልድ ቀበሌውን ትጠይቅዎታለች!» አለ። ነገር ግን ከመስኮቱ በላይ ያለው መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለውጦ ነበር። የሻረግ ስክሪን ላይ አጭር ጽሑፍ ወጣ፦ «የሥራ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ። አንድ ከሦስት።»

ይህ የሆነው በ2088 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የአካል መሣሪያ ፍተሻ ጣቢያ ነው። ሰውነቱ ውስጥ መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እዚህ ይመጣል፤ ያለ መሣሪያ የሚኖር ደግሞ ጥቂት ነው። ባለጉዳዩ መሣሪያው ያለበትን አካሉን ከመስኮቱ ሥር ወዳለው ሰሌዳ ያስጠጋል፦ እጅ ከሆነ እጁን፣ ጆሮ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን፣ ጉልበት ከሆነ በርጩማ ላይ ወጥቶ ጉልበቱን። ከኋላ ክፍል ያለው ፈታሽ የተባለው ማሽን የመሣሪያውን ፕሮግራም መስመር በመስመር ያነባል። ከዚያ ወረቀት ይወጣል። አረንጓዴ ደኅና ነው፤ ቀይ ወደ ሆስፒታል ነው። የሻረግ በቀን ሁለት መቶ ያህል ወረቀት ትሰጣለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ዘር ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም።

ዛሬ ያስጠየቃት የሽማግሌው እጅ ነው። አራት አረንጓዴ ወረቀቶች በመስኮቱ ሥር አስገብተውላት፣ አምስተኛውን ፍተሻ ለመጀመር እጃቸውን ሰሌዳው ላይ ሊያኖሩ ሲሉ፣ ጣቶቻቸው በአየር ላይ እንዳሉ ደረቁ። አንድ የማይታይ ነገር ጨብጠው የቀሩ ይመስሉ ነበር። የሻረግ በልቧ አምስት ድረስ ቆጠረች። ከዚያ ጣቶቹ ተለቀቁ፣ ሽማግሌውም ምንም እንዳልሆነ ሰው እጃቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። አራቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ግን አንድ ነው፦ «ስህተት አላየሁም።»

ስማቸው ጋሽ ያብስራ ነው። ያብስራ የሽማግሌ ስም ነው፤ በየሻረግ ሰፈር ያብስራዎች፣ ናሆሞችና ማክቤሎች በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከድሮው አውቶቡስ ተራ ጀርባ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የወንዶች ፀጉር ቤት ይዘው ኖረዋል። ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያኔ ነው መንቀጥቀጡን የሚገታውን መሣሪያ፣ ልጓሙን፣ ከአንጓቸው ቆዳ ሥር ያስቀበሩት። ሃያ ሁለት ዓመት እንደ ልብ አሠራቸው። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን መቆለፍ አመጣ።

«ሆስፒታሉስ ምን አለ?» አለቻቸው የሻረግ።

«ሆስፒታሉ ቀይ አምጣ ይላል። ያለ ቀይ እጅ አንከፍትም አሉ። እዚህ ስመጣ አረንጓዴ ትሰጡኛላችሁ።» ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ቁጣቸው በረድ ብሏል። «ግንቦት ላይ አንድ ሙሽራ ስላጭ ምላጩ መንጋጋው ላይ ቀረ። አልቆረጥኩትም። አንድ ጠብታ ደም የለም። ግን መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየና ብድግ ብሎ ወጣ፤ በግማሽ ጺሙ።»

«በግማሽ?»

«በግራው በኩል። ሰርጉን እንዴት እንዳደረገው አላውቅም። ብቻ ከሰሰኝ። ዓርብ የሙያ ፈቃድ ቢሮ እቀርባለሁ። መሣሪያው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የላጪው ነው ብለው ሊሰርዙኝ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ነው የምጠይቅሽ፤ ይኼ ማሽናችሁ ሲያይ ምን ያያል?»

የሻረግ ወደ ሰሌዳው ተመለከተች። ሰሌዳው እጁን አንብቦ ጨረሰ። አምስተኛው ወረቀት ወጣ። አረንጓዴ ነው። «ስህተት አላየሁም።» ወረቀቱን አልሰጠቻቸውም። ቀዳደደችው።

«እዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጡልኝ» አለቻቸው። «ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለች መምህርት ኤልዳና የሚባሉ ቀጭን ሴት ያስተምሯት ነበር። ስለ ፈታሽ ያስተማሩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ግን አልረሳችውም። ፈታሽ የማያውቀው ፕሮሰሰር ሲገጥመው ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል ብለው ነበር፤ አንድም ይሰበራል፣ አንድም ይዋሻል፣ አንድም ይጠይቃል። የሚሰበረው አይከፋም፤ ሁሉም ያየዋል። የሚጠይቀው ከሁሉ ይሻላል። የሚዋሸውን ፍሩት። የአንዱ ፕሮሰሰር ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ከቀኝ ወደ ግራ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን በሌላው ሥርዓት ያነበበ ፈታሽ ቁጥር አያጣም፤ ቁጥሩ ግን የማንም አይደለም። የፕሮሰሰሮችን ቤተሰብ «ዘር» ብለው የሰየሙት የመጀመሪያዎቹ ተርጓሚዎች ናቸው። አጭርና ጥሩ ቃል ነበር።

ከዚያ ወንፊቱ መጣ። ሕጉ የወጣው ከዚያ ክፉ ጊዜ በኋላ ነው፤ የሻረግ እናት ሳይቀሩ «ተመስገን» ያሉለት ሕግ ነው። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሰውን ዘሩን አይጠይቅም፣ በቃልም በጽሑፍም። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ማጣሪያ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሕዝቡ «ወንፊቱ» ብሎ ጠራው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወንፊቱ ፊደሎቹን ባገኘበት ይቆርጥ ነበር። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለሁለት ክረምት ለገበሬው «ምርጥ» አከፋፈሉ። በየበሩ ላይ «የሥራ ፍ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። በኋላ ተሻሻለና ቃሉ ያለበትን ሐረግ እንዳለ ማንሣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፎቹ ያምራሉ፤ ምን እንደጎደላቸው አይታወቅም።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ይሁን በጺም የተሸፈኑ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ናቸው። አባታቸው ያወጡላቸው ስም ዘርይሁን ነበር። ወንፊቱ ከፊቱ ቆርጦ ይሁን አደረጋቸው። አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን የአቤቱታው ቅጽ ሙሉ ስም ይጠይቃል፣ ሙሉ ስማቸውን ሲጽፉት ወንፊቱ ይቆርጠዋል። ሦስት ጊዜ ሞክረው ተዉት። ከዚያ በኋላ የመጣላቸውን ሁሉ «ይሁን» እያሉ ይቀበላሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ይህን እያነሣ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ዛሬ ግን «አይሆንም» አሉ።

«የኋላው ክፍል የሚከፈተው በጥገና ቀን ነው። ጥገናው ነሐሴ ነው።»

«የፈታሹን የራሱን ስክሪን ልይ ብዬ ነው» አለች የሻረግ። «ወንፊቱ ጋ ሳይደርስ ምን እንደሚል።»

«ምን ይላል ብለሽ ነው? የሚለውን እያተመ ይሰጠናል።»

«አላውቅም።»

«መብራትሽ ቢጫ ሆኗል አሉኝ። ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሦስት ዓመት ድምፅሽን ሰምቼ አላውቅም፣ ዛሬ አፍሽን ስትከፍቺ ያንን ቃል!»

የሻረግ መከራከር አታውቅም። የምታውቀው አለመሄድን ነው። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት እጆቿን አጣምራ ቆመች። አቶ ይሁን አንድ ደብዳቤ አነበቡ። ሌላ ደብዳቤ አነበቡ። ቀና ሲሉ አሁንም አለች።

«ሰውየው ውጭ ናቸው?»

«አግዳሚው ላይ።»

አቶ ይሁን ጺማቸውን አሻሹ፣ ከመሳቢያ ቁልፍ አወጡ። «ይሁን» አሉ።

የኋላው ክፍል ጠባብና ሞቃት ነው። የፈታሹ ስክሪን ከተተከለ ጀምሮ ፊቱ ወደ ግድግዳ እንደዞረ ነበር፤ ማንም ያነበዋል ተብሎ አልታሰበም። የሻረግ አዙራ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች። የዛሬው ጠዋት መዝገብ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የጋሽ ያብስራ ተራ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች። አቶ ይሁን በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«የፕሮሰሰሩን ዘር ስለማላውቅ ስህተት አላየሁም። ዘሩን ይንገሩኝ፤ እንደ ዘሩ አነባለሁ።»

ሁለተኛ አነበቡት።

«አልዋሸም» አለች የሻረግ። «እየጠየቀን ነበር።»

ማሽኑን የሠሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ አታውቅም፤ ድርጅቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ጨዋ ሰዎች እንደነበሩ ግን አሁን አወቀች። የማያውቀውን ነገር በግምት እንዳያነብ፣ በሩንም ዘግቶ እንዳይሄድ፣ «አላውቅህም፣ ማን ልበልህ?» እንዲል አድርገው ነው የሠሩት። ወንፊቱ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፊቱን አነሣ፤ ሁለተኛውን ጠቅላላ በላው። የቀረው «ስህተት አላየሁም» ብቻ ነው። ሳላይ ቀረሁ ያለው፣ አይቼ አጣሁ ያለ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱን በእጁ የቆረጠ ሰው የለም፤ ማንም አልዋሸም።

«ስንት ጊዜ ጠይቋል?» አሉ አቶ ይሁን።

ፈልጋ ነገረቻቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ።

አቶ ይሁን እዚያው የቆመ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። «ጥሪያቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሰውየውን ጥሪያቸው።»

ጋሽ ያብስራ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ማሽኑን አይደለም። «ይህን ጺም ለማን ነው የሚያስቀምጡት?» አሏቸው አቶ ይሁንን።

«ምላጭ አልወድም» አሉ አቶ ይሁን። «አንገቴ ላይ ሰው ምላጭ ሲይዝ ያልበኛል።»

«እንግዲያው ከእርስዎ ይልቅ ያ ሙሽራ ይሻለኛል።»

ፈታሹ በጽሑፍ ብቻ የሚነገረውን አያምንም። በተሳሳተ ዘር ካነበበ እጅ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጥያቄው በዚያው ቃል ተጠይቆ ባለቤቱ በድምፁ ሲመልስ፣ እዚህም ሆነ በመስኮቱ በኩል፣ መስማት ይፈልጋል። የሻረግ ይህን ከስክሪኑ አንብባ ነገረቻቸው። ጋሽ ያብስራ ከኪሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት በላስቲክ የጠቀለሉትን የሆስፒታል ካርድ አወጡ። በሦስተኛው መስመር ላይ ቃሉ ከነመልሱ አለ፤ ከወንፊቱ በፊት የታተመ ነው።

«እንግዲህ ልጠይቅዎት ነው» አለች የሻረግ። «እንዳይቆጡኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«ዘሩ ምንድን ነው?»

«ሸማኔ ሦስት» አሉ ጋሽ ያብስራ፣ እጃቸውን ማሽኑ ጎን ባለው ሰሌዳ ላይ አሳርፈው፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ቀጥ ብለው።

እዚህ ክፍል ውስጥ ቢጫ የሚሆን መብራት የለም። ስክሪኑ ላይ «አመሰግናለሁ፤ እንደ ሸማኔ አነባለሁ» የሚል ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ስህተቱን አገኘው። ልጓሙ የሚያቆመውን እያንዳንዱን መንቀጥቀጥ ይቆጥራል፤ ሠሪዎቹ ቦታውን አስፍተው ትተውለት ነበር፣ ከአራት ቢሊዮን በላይ የሚይዝ። ጋሽ ያብስራ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሲላጩም ሲተኙም፣ ሳያውቁት ተንቀጥቅጠው ቆጣሪውን ሞልተውታል። አሁን በየጥቂት ሰዓቱ ልጓሙ ቁጥሩን የሚያኖርበት ቦታ ይፈልጋል፤ እስኪተወው ድረስ እጁን ይዞ ይቆማል። አምስት ድረስ ያስቆጥራል።

«አራት ቢሊዮን» አሉ ጋሽ ያብስራ። «እኔ እኮ የዳንኩ መስሎኝ ነበር።»

የሻረግ ውጤቱን እንዲያትም አዘዘች። ሦስቱም ወደ ማተሚያው ዞሩ። ወረቀቱ ቀይ ሆኖ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ስህተቱን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር «የሸማኔ ዘር ቆጣሪ ሞልቷል» ይላል፤ ወንፊቱ እንዳለ አነሣው። ምክንያት ያልተጻፈበት ቀይ ወረቀት ደግሞ በደንቡ ዋጋ የለውም። ማሽኑ «ያልተሟላ፤ የቀድሞው ውጤት ጸንቷል» ብሎ አረንጓዴ አተመ።

«ድጋሚ» አሉ አቶ ይሁን። ድጋሚ አዘዘች። አረንጓዴ።

«በእጄ ጽፌ ብፈርምበትስ?»

«በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም» አሉ አቶ ይሁን። «የስያሜ ኮሚቴው ቃሉን ይቀይርልን ብለን ማመልከት እንችላለን። ጥቅምት ላይ ይሰበሰባል።»

«እኔ ዓርብ ነኝ» አሉ ጋሽ ያብስራ።

ሌላ መንገድ ነበር። ስክሪኑ ከታች በኩል «ቆጣሪውን ባዶ ላድርገው?» እያለ መልስ ይጠብቃል። የሻረግ ይህንን ስታይ ወዲያው ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ደስታዋ ሄደ።

«ጋሼ፣ አሁን ላጠፋው እችላለሁ። እጅዎ ይድናል። ግን ከጠፋ በኋላ ስህተት ነበረ የሚል ምንም አይቀርም። እስከ ጥቅምት ካቆየነው ማስረጃ ይሆንዎታል።»

«እስከ ጥቅምት እጄ እየቆለፈ?»

«አዎ።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብ በሁለቱም መንገድ የሚይዙት አረንጓዴ ነው።»

ጋሽ ያብስራ አላመነቱም። «እጄን ስጪኝ» አሉ። «በወረቀት ጺም አይላጭም።»

ባዶ አደረገችው። ፈታሹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና አነበበ፤ አሁን የሚያነበውን ያውቃል። ወረቀቱ ወጣ። አረንጓዴ፦ «ስህተት አላየሁም።» ጋሽ ያብስራ ከአራቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። ቃሉ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ማኅተሙ ያው። ከአምስቱ እውነት የሆነው አንዱ ብቻ ነው።

«ምልክት አድርጊልኝ» አሉ። «እኔ እንኳ እንዳልሳሳት።»

የሻረግ በእስክሪብቶ ጥጉ ላይ አንዲት ነጥብ አኖረችለት።

ዓርብ ዕለት ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ሄደች። ማንም አልጠራትም፤ ምስክርም አልተባለችም። የሙያ ፈቃድ ቢሮው ሹም አምስቱን ወረቀቶች እንደ ካርታ ዘረጉ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ለሽማግሌው ወንበር አስመጡላቸው።

«አምስት ጊዜ ተፈትሿል፤ አምስት ጊዜ ደኅና ነው። ታዲያ እጅዎ ለምን ቆለፈ አባቴ?»

«አራቱ ላይ ማሽኑ አላየም» አለች የሻረግ ከኋላ።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«የፍተሻ ጣቢያው ሠራተኛ ነኝ። አራቱ ላይ አላየም።»

«አዎ፣ ስህተት አላየም። እሱን ነው የምለው።»

«አይ፣ ማለቴ… አላየም። ጭራሽ አላየም።»

«ጭራሽ ካላየማ ጭራሽ ስህተት የለም ማለት ነው።»

«ሳያይ ነው አላየሁም ያለው።»

«ልጄ፣ ሰው ያላየውን አላየሁም ካላለ ምን ይበል?»

ጸሐፊዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። የሻረግ አምስተኛውን ወረቀት አነሣች። «ይኼኛው ላይ ግን አይቷል።»

ሹሙ ተቀብለው ከአራቱ ጋር አስተያዩት። «ምን ይላል? አላየሁም ይላል።»

«አይቶ ነዋ!»

«እሺ ልዩነታቸውን አሳዪኝ።»

የሻረግ ልዩነቱን ልታሳይ የምትችለው አንዲት ነጥብ ናት፤ እሷንም ራሷ ነች ያኖረችው። አንድ መንገድ ብቻ ቀራት። «አራቱ ላይ ዘሩን ስላልነገርነው…» አለች፤ ከሹሙ ራስ በላይ ያለው መብራት ቢጫ ሆነ። ሹሙ መብራቱን ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ እሷን፣ ከቁጣ ይልቅ በሐዘን።

«እዚህ ቤት ያ ቃል አይነገርም» አሉ።

ማስጠንቀቂያው በሥራ ቁጥሯ ተመዘገበ፤ ሁለት ከሦስት። ጋሽ ያብስራ ብድግ ብለው ቀኝ እጃቸውን በሹሙ ፊት ዘረጉ። ቀጥ ያለ ነበር፤ ጣቶቹ ላይ ምንም አይነቃነቅም። «ይኼን ይዩት እንጂ» አሉ። ሹሙ ግን እጅ የማየት ሥልጣን የላቸውም፤ የሚያዩት ወረቀት ነው። ፈቃዱ ተሰረዘ። ምክንያቱ «መሣሪያው ጉድለት የሌለበት በመሆኑ» የሚል ነው።

ደጅ ላይ ሲለያዩ የሻረግ ማልቀስ ፈለገች፤ አላለቀሰችም። ጋሽ ያብስራ የፀጉሯን ጫፍ አይተው «ይኼን የቆረጠሽ ማን ነው? አጣሞታል» አሏት። ቤታቸው በረንዳ ላይ ወንበር እንደሚያወጡ፣ ያለ ፈቃድ ፀጉር መቁረጥ እንጂ ጎረቤት ማሳመር ክልክል እንዳልሆነ ነገሯት። ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት መስኮቷ ላይ ሌላ ቃል ልትሞክር ወሰነች። የመጀመሪያው ሰውዬ ጆሮው ውስጥ መሣሪያ ነበረው። «ዓይነቱ ምንድን ነው?» አለችው። «የጆሮ ነዋ» አላት። ቀጣዩን «ስሙ ማን ነው?» አለችው፤ «ታምሩ» አላት። ሦስተኛይቱን «ቤተሰቡ?» አለቻት፤ «አምስት ነን፣ አንዱ ውጭ ነው» አለቻት። ለእያንዳንዳቸው አረንጓዴ ወረቀት ወጣ። ፈታሹም በኋላ ክፍል ሆኖ እንደተለመደው በትሕትና እየጠየቀ እንደሆነ የሻረግ ታውቃለች፤ በልቧ ይሰማታል ማለት ይቻላል።

አራተኛዋ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ደረታቸው ውስጥ ልብ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሁለት አረንጓዴ ወረቀት ይዘዋል። ደረታቸውን ወደ ሰሌዳው ሲያስጠጉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሻረግ መብራቱን አየች፣ ከዚያ አሮጊቷን።

«እማማ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ዘሩ ምንድን ነው?»

አሮጊቷ ተቆጡ። ተሳደቡም። ግን የሆስፒታል ካርዳቸውን አይተውት ነበርና በስድቡ መካከል መለሱ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ሦስት ከሦስት። የሻረግ ወንበሯን ለቅቃ ወደ ኋላው ክፍል ስትሮጥ ማንም አላስቆማትም፤ በሩ ከማክሰኞ ጀምሮ አልተቆለፈም ነበር። ስክሪኑ የአሮጊቷን መሣሪያ እንደ ዘሩ ማንበብ ጀምሮ ነበር።

ደንቡ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሠራተኛ ከሕዝብ ጋር ወደማይገናኝበት ቦታ ይዛወር ይላል። አቶ ይሁን ዝውውሩን ማክሰኞ ፈረሙ። ከሕዝብ ጋር የማይገናኝ ብለው የመረጡላት ቦታ የፈታሹን ክፍል ነው። ወንበር አስገቡላት፤ ስክሪኑም ወደ ግድግዳ እንዳይዞር በገመድ አሰሩት።

ረቡዕ ጠዋት መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስላልተመደበ ኃላፊው ራሳቸው ተቀመጡ። ሲያልፉ የሻረግ ወዲያው አላወቀቻቸውም። ጺማቸው የለም። ጉንጫቸው ነጭና እንግዳ ነበር፤ አንገታቸው ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረችም።

በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች። አንድ ሰው ጉልበቱን ለማስጠጋት በርጩማው ላይ ሲወጣ፣ በርጩማው ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ የአቶ ይሁንን ድምፅ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ።

«ዘሩ ምንድን ነው ወንድሜ?» አሉ።

ሰውየው «ምን አሉኝ?» አለ፤ ተጨቃጨቁ፣ ካርድ ወጣ፣ መልስ ተሰጠ። በየሻረግ ስክሪን ላይ «አመሰግናለሁ» የሚለው ጽሑፍ መጣ።

በዚያ ጠዋት የሦስት ሰዎች መሣሪያ ታየ፤ መብራቱም ሦስት ጊዜ ቢጫ ሆነ። ከቀትር በፊት አቶ ይሁንም ከመስኮቱ ተነሡ።